የሉሁ ቀኝ ጥግ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ከቀድሞው ኮሌጅ የተባረርሁት አስተማሪ በማስመሪያ መትቼ ነው የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ዛሬ ደረጃ ስወጣ ሁለት ልጆች ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ጆሮዬ ገና ደህና ነው። ማንንም አልመታሁም። ቀዩን ብዕር ከእጁ ወስጄ ሰሌዳው ላይ የለጠፈውን የተሳሳተ ልኬት አረምሁለት፤ እሱም አመሰገነኝ፤ ቢያንስ ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። አልተባረርሁምም። ሁለት ዓመት ተምሬ፣ ውጤቴን በታሸገ ፖስታ ይዤ፣ በደንቡ መሠረት ተዛውሬ ነው የመጣሁት።

ለምን ተዛወርሽ ለሚለኝ መልሱ አጭር ነው። ልጄ የምትኖረው እዚህ ከተማ ነው። ባለፈው ክረምት በዚያኛው ከተማ ከቤቴ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ደረጃው እኩል አልተሠራም፤ የመጨረሻው መርገጫ ከሌሎቹ ሁለት ጣት ያህል ያንሳል። ሃያ ዓመት ወጥቼ የወረድሁበት ነው፤ ለካ ሳላስተውለው ኖሬአለሁ። ልጄ ይህን ብነግራት አልሰማ ብላ፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም" አለችና ዕቃዬን ጠቀለለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትል ግን እንቢ አልኋት። የተሰበረ አጥንት የለኝም።

ደብተሩን ዛሬ ገዛሁት። መስመሩ በጣም ጠባብ ስለሆነ አንድ እየዘለልሁ እጽፋለሁ። ብክነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የፋብሪካው ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሳደገችን መምህርት ዕለቱን ሳይጽፉ መተኛት ሳይታጠቡ እንደ መተኛት ነው ትል ነበር።

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

የምዝገባው ጸሐፊ ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ፣ "እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ነው የሚያስመዘግቡት?" አለኝ።

"አይደለም።"

"ታዲያ ተማሪው የት አለ?"

"ፊትህ ቆሟል።"

ፖስታውን ከፈተ። እየደጋገመ አነበበ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ "የዚያኛው ኮሌጅ ሁለት ዓመት እዚህ የሚያዝልዎት በቅድመ ሁኔታ ነው" አለኝ። "በዚህ መንፈቀ ዓመት በንድፍ ሥራ 'በጣም ጥሩ' ካመጡ ሦስተኛ ዓመት ሆነው ይቀጥላሉ። ካላመጡ ከአንደኛ ዓመት ነው።"

"ከአንደኛ ዓመት ብጀምር የምመረቀው በሰባ ሁለት ዓመቴ ነው።"

"ዕድሜ ይስጥዎት" አለኝ። ይመርቀኝ ይሳለቅብኝ አልገባኝም። ለማንኛውም አሜን አልሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማ ሥራዎች የንድፍ ክፍል ሠርቻለሁ። ድልድይ አስምሬአለሁ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ አስምሬአለሁ፣ ትምህርት ቤት አስምሬአለሁ፣ አንድ ጊዜም እስር ቤት። በሉሁ ግርጌ የስም ሳጥን አለች። እዚያ የሚገባው የመሐንዲሱ ስም ነው፤ ዲፕሎማ የሌለው ሰው ስም አይገባባትም። ጡረታ ስወጣ ልመዘገብ ነበር፤ ባለቤቴ ታመመ፣ አስታመምሁት። ሲሞት ልብሱን አጥፌ ሰጥቼ በዓመቱ ተመዘገብሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስሜን እዚያች ሳጥን ውስጥ አይቼ መሞት እፈልጋለሁ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

የክፍሎቹ ቁጥር የተጻፈው ከበሩ ጋር በሚመሳሰል ቀለም ነው። ይህን የመረጠ ሰው ሊጠየቅ ይገባል። ገብቼ ከፊት ወንበር ተቀመጥሁ። አስተማሪው ስለ ጫጩት ማሞቂያ ይናገራል። መጀመሪያ ምሳሌ መስሎኝ ነበር። አስተማሪ እየተናገረ ተነሥቶ መውጣት ነውር ስለሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዶሮ እርባታ ማስታወሻ ያዝሁ። ሲጨርስ ጥያቄ አለ ወይ ሲል፣ ዶሮ ቤቱ ስንት በር እንዳለው ጠየቅሁት። ደነገጠ።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

አሁን ደግሞ አስተማሪዎቹን ልትቆጣጠር የተላከች ናት እየተባልሁ ነው። የዶሮው መምህር ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ኮቱን ይቆልፋል። ይህኛውን ወሬ አላረምሁትም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

የንድፍ ክፍሉ ሰፊ ነው። ሃያ ጠረጴዛ፣ አራት መስኮት። ቀድሜ ገብቼ በትልቁ መስኮት ሥር ያለውን ጠረጴዛ ያዝሁ።

መምህሩ ከልጄ ያንሳል። ክርኑ ላይ ሁልጊዜ ጠመኔ ስላለ ተማሪዎቹ "ጠመኔ" ይሉታል። ትሑት ነው፤ "እትዬ" ይለኛል። ጽሑፉ ግን ሲበዛ ደካማ ነው፤ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ የሚጫነው አይመስልም። ሁለት ጊዜ "ጎላ አድርገው ይጻፉ" አልሁት። ሦስተኛውን ተውሁት።

ሥራው ሁለት ሁለት እየሆንን ነው። ለእኔ የደረሰችኝ አንዲት ጠይም ቀጭን ልጅ ናት። ስትገባ እየሮጠች፣ ስትቀመጥ እየሮጠች፣ ስትናገር ግማሹን ቃል ውጣ። "ጥድፊያ" ብዬ ሰየምኋት። ፊት ለፊት ነገርኋት፤ ከኋላ ስም ማውጣት አልወድም።

"እናቴም እንደዚያ ነው የምትለኝ" አለችኝ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"እሰማለሁ፣ እትዬ። እየለቀምሁ ነው የምሰማው።"

አፏ ይፈጥናል። አንድ መጥፎ ልማድም አላት። ከሰሌዳ ስትገለብጥ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ ታነባለች። "የወለል ቁመት፣ ሦስት ነጥብ ሁለት። የግድግዳ ውፍረት፣ ሃያ ሴንቲ።" እንደ አንደኛ ክፍል ሕፃን። ልቆጣት ነበር። ግን እኔም እየሰማሁ እጽፋለሁ፤ ሥራው ይፈጥናልና ዝም አልሁ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። አውቶቡሱ የተሳሳተ ቁጥር ለጥፎ ወጥቶ የማላውቀው ሰፈር ጣለኝ። ሾፌሩ "እማማ፣ ቁጥሩ ይኸው ነው" ይላል። አልተከራከርሁም። በእግሬ ተመለስሁ። አርፍጄ ደረስሁ። በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነው።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ እንተኛለን፣ በሌላው ትሰፋለች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከበራችን እስከ መንገዱ አርባ ሁለት መርገጫ አለ። እቆጥራለሁ። መቁጠር ከድሮ ጀምሮ ልማዴ ነው።

ጠዋት ስወርድ ልጄ ክንዷን ዘረጋችልኝ። "ክንድ መያዝ ለሙሽራ ነው" አልኋት። "ሙሽራዬ ነሻ" አለችና ሳቀች። እጇን ግን ቶሎ አላወረደችም።

ማታ መርፌ ሰጠችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ለአሻንጉሊቷ ስትሰፋም እኔ ነበርሁ። ክሩ ጫፉ የተበጣጠሰ ነበር። ቆረጥሁት፣ በምራቄ አሾልሁት፣ አሁንም እንቢ አለ። ርካሽ ክር ነው የምትገዛው። መልሼ ሰጠኋት። በአንድ ጊዜ አስገባችው። ዛሬ ዕድሏ ነበር።

"እማዬ፣ ማሽኑ ላይ መብራት አምጥቼ ላኑርልሽ?"

"ለምን? የሚሰፋው ማን ነው?"

ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ዛሬ ለጥድፊያ ጥበብ አስተማርኋት። በየትኛውም መጽሐፍ የለም። እኛ ቢሮ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የወረደ ነው።

ትሬሲንግ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፤ በአንዱ ፊት ያለው መስመር በሌላው ይታያል። ስለዚህ እርሳሱን በጀርባው ታስቀምጫለሽ፣ ቀለሙን በፊቱ። ኋላ እርሳሱን ስታጠፊ ቀለሙ አይነካም። አደጋው አንድ ነው። ወረቀቱ መልኩ ከሁለቱም ወገን አንድ ስለሆነ ሳታውቂ ገልብጠሽ ታሰምሪና ቤቱ በሙሉ በመስታወት ውስጥ እንዳለ ቤት ይሆናል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። ለዚህ ነው ሥራ ሳንጀምር የሉሁን የቀኝ ራስ ጥግ በምላጭ ቅንጣት ያህል የምንቆርጠው። ቁራጩ ከላይ በቀኝሽ ካለ ፊቱ ነው፤ በግራሽ ካለ ጀርባው ነው። ቀለም ከመንከርሽ በፊት አውራ ጣትሽን ታሳርፊበታለሽ።

"ማየት አይበቃም?" አለችኝ።

"ዐይን ይደክማል። ጣት አይደክምም።"

ሦስት ጊዜ አስደገምኋት። ጣቷን አሳርፋ፣ "ቀኝ" ብላ፣ ከዚያ ብዕሯን አነሣች። እንዲህ ጸጥ ብላ አይቻት አላውቅም።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

የመንፈቁ ዋና ሥራ ተሰጠን። ባለ አንድ ፎቅ ጤና ጣቢያ። ውጤቱ የሚወሰነው በዚህ ነው፤ የእኔም ሁለት ዓመት እንደዚሁ። ረቂቁን ሁለታችን ተቀምጠን በእርሷ ደብተር ላይ አወጣን። ድፍን አራት ማዕዘን ቤት፣ መሐሉ መተላለፊያ፣ ዳሩ ላይ ደረጃ። እርሷ ምድር ቤቱን ትሠራለች፣ እኔ ፎቁን። በሁለቱም ሉህ ላይ ጽሑፉን እርሷ ትጽፋለች። እኔ ነኝ እንዲህ ያልሁት። ደቃቅ ፊደል መጻፍ የጀማሪ ሥራ ነው፤ በእኛ ጊዜም ለጀማሪ ይሰጥ ነበር።

ሌላ ነገር። ጠመኔ ከክፍሉ ሁለት ተማሪ ለሥራ ልምምድ ወደ አንድ ትልቅ የንድፍ ቢሮ ይልካል። አንዷ ጥድፊያ እንደሆነች በቃል ነግሯታል። ልጅቱ ከደስታዋ ብዛት ቀለሙን አፈሰሰችው። ምን እንደሚያስደስታት ስጠይቃት፣ "እትዬ፣ እዚያ የሚለማመዱትን ይቀጥሯቸዋል። እናቴ ከእንግዲህ ሰው ቤት አታጥብም" አለችኝ። ጠረጴዛውን ጠረገችና ምንም እንዳላለች ሥራዋን ቀጠለች።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሻይ ቤቱ ውስጥ ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ የሰማሁት፦

"ማስመሪያዋ ዛሬም ጨው በሻይዋ ጨመረች።"

"ዝም በል፣ ትሰማሃለች።"

"ብትሰማስ? አታየኝም።"

ማስመሪያዋ የተባልሁት እኔ ነኝ። ስሙን አልጠላሁትም። ጨውና ስኳርን በአንድ ዓይነት ዕቃ የሚያስቀምጥ ሻይ ቤት ግን የትም አይቼ አላውቅም። ሻዩን ምንም ሳላስነቃ ጠጣሁት።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ፎቁን ጨረስሁ። ከምሳ በኋላ ጀምሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ። መብራት ከበራ በኋላ መሥራት አልወድም፤ እዚህ ያሉት አምፖሎች ዙሪያቸውን ቀለበት ይሠራሉ፣ መስመሩንም ሁለት ያደርጉታል። ስለዚህ ተጣደፍሁ ማለት ይቻላል። ቀለም ያለፈበትን እርሳስ ከጀርባ ገልብጬ አጠራሁ፣ መልሼ ዘረጋሁ፣ የቀረውን ደረጃና ግድግዳ አሰመርሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። በሠላሳ አንድ ዓመት ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ደክሞኛል። ነገ እናስረክባለን።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

አስረከብን። ጥድፊያ ጽሑፉን የጨረሰችው ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ነው። በግርጌው ሳጥን ውስጥ የሁለታችንንም ስም ጻፈች። የእኔን ከላይ።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ደስ አለኝ። ሌላ የምጽፈው የለም፤ ደስ አለኝ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

በቁጣ ነው የምጽፈው። ቢሆንም በሥርዓት ልጻፈው።

ጠመኔ ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ሉሆች ደራርቦ አስቀመጠ። ክፍሉን በሙሉ ጠራ። የውጭው ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ገጥሟል። ደረጃው ግን አልገጠመም።

"የምድር ቤቱ ደረጃ በግራ ግድግዳ በኩል ይወጣል" አለ። "ፎቁ ላይ የተተወለት ቀዳዳ ግን በቀኝ ነው። በሽተኛው ደረጃውን ጨርሶ ጭንቅላቱን ከኮንክሪት ጋር ያጋጫል። ደግነቱ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

"አንዱ ሉህ ተገልብጦ ነው የተሰመረው። የትኛው ነው? ረቂቁ የታል?"

"ጣልሁት" አለች ጥድፊያ። "ካስረከብን በኋላ ደብተሬን ሳጸዳ።"

መጣሏ ራሱ ምስክር ነው አልሁ በልቤ። በአፌም አልሁት። እኔ ከአንቺ በፊት ስንት ሉህ እንዳሰመርሁ ታውቂያለሽ ወይ አልኋት። እኔ ነኝ የጥጉን ነገር ያስተማርኋት፤ እኔ እንዴት እገለብጣለሁ? ጠመኔ፣ "እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ፤ በትሕትና ነው፣ ግን በሰው ፊት ነው።

"እኔ ሉህ ገልብጬ ካሰመርሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው" አልሁ።



ጥድፊያ የእኔን ሉህ ከመስታወቱ ላይ አነሣችው። ወደ ራሷ አዞረችው። አውራ ጣቷን ጥጉ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አየችኝ፤ ምን እንደምታይ አላወቅሁም። ሉሁን መልሳ አስቀመጠችና፣ "እኔ ነኝ፣ መምህር" አለች። "ቸኩዬ ነበር።"

ይኸው። ጥፋትን ማመን ጥሩ ነው። ቶሎ ማመኗን አመሰገንሁላት።

መማል አልነበረብኝም። መምህርታችን፣ መሐላ የሚያስፈልገው ለውሸታም ሰው ነው ትል ነበር። ሰባ ዓመት ልሞላ ጥቂት ሲቀረኝ በአደባባይ ማልሁ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ጥድፊያ ዛሬም ከሰሌዳው ጮክ ብላ አነበበች። ከቀድሞው ቀስ ብላ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ውጤት። ጠመኔ ማርኩን ለያይቶ ሰጠ። እኔ "በጣም ጥሩ"። ጥድፊያ "መካከለኛ"። የምዝገባው ጸሐፊ ወረቀቴ ላይ ማኅተም ሊመታ ሰኞ ጠዋት እንድመጣ ነገረኝ። "እንኳን ደስ ያለዎት፣ እማማ" አለ፤ በዚህ ጊዜ እየመረቀኝ እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለልምምዱ ሌላ ተማሪ ሊተካ ነው። ሰኞ በስድስት ሰዓት ስም ይለጠፋል። ጥድፊያ ስትወጣ ቦርሳዬን ከወለሉ አንሥታ ሰጠችኝ። እንዳልረሳው ነው፤ እግሬ ሥር ነበር።

"ተቀይመሽኛል?" አልኋት።

"ምን አድርገውኝ?" አለች።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ያሰብሁት ሞላ። እራት አልበላሁም፤ ሥጋው ጠጣር ነበር። ልጄ ለስላሳ ነው ትላለች።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ምንም አልሠራሁም። ሦስት ጊዜ አርባ ሁለቱን መርገጫ ወረድሁ፣ ወጣሁ። ልጄ፣ "እማዬ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" አለችኝ። ልምምድ ነው አልኋት።

የሰው ልጅ ይሳሳታል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብትሳሳት ምን ያስገርማል? ዕድሜ አላት። ሌላ ቢሮ ታገኛለች። እኔ ግን ሌላ ሦስት ዓመት ከየት አመጣለሁ? ይህን ደጋግሜ አሰላሁት። ስሌቱ ትክክል ነው። ታዲያ ለምን አላርፍም?

ጣቷን ጥጉ ላይ ለምን አሳረፈች? የራሷ ሉህ እያለ ለምን የእኔን አነሣች?

ኅዳር 15፣ እሁድ

ከሰዓት በኋላ ነው። ልጄ ሌላው ክፍል ውስጥ ናት፤ ማሽኑ ቆሟል። የምጽፈው ረጅም ነው፤ ምንም አላስቀርም።

ረፋዱ ላይ ሉሆቹን ከካርቶን ቱቦው አወጣኋቸው። ዓርብ ዕለት መልሰውልን እኔ ዘንድ ነበሩ። የምፈልገው ስሜን ለማየት ነበር፤ ይህን ለራሴ ነገርሁት። በልጄ የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ የፎቁን ሉህ ዘረጋሁ። ጽሑፍ የተጻፈበት ፊት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወዲያና ወዲህ አዟዟርሁት። ፊደሉን አላገኘሁትም። ግራጫ ነገር ነው የሚታየኝ፤ ጉንዳን እንደ ወረረው። መዳፌን ሳንሸራትት አውራ ጣቴ ጥጉ ላይ ደረሰ።

ልጄን ጠራኋት።

"ይህ ጽሑፍ ወደ ፊት ነው የሚነበበው?"

መቀሱን አስቀምጣ መጣች። "አዎ፣ እማዬ። ወደ ፊት ነው።"

"እርግጠኛ ሁኚ።"

"እርግጠኛ ነኝ። የመድኃኒት ክፍል፣ የነርሶች ክፍል፣ መጠበቂያ... ይኸው ግርጌው ላይ ስምሽ አለ።"

"የተቆረጠችው ጥግ በየት በኩል ናት?"

"በግራ።"

የምድር ቤቱን ሉህ አውጥቼ እንዲሁ አስነበብኋት። የጥድፊያን።

"ይህኛውስ?"

"በቀኝ።"

ልጄ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

"እማዬ፣ ስምሽን ማንበብ አቃተሽ?"

"ቤቱ ጨለማ ነው" አልኋት። አፌ ከእኔ በፊት ነው የተናገረው።

"ቀትር ነው፣ እማዬ። መስኮቱ ፊትሽ ነው።"

ተቀመጥሁ። እሷም ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አደረገች። አንድ ነገር ብቻ አለች፦ "መርፌውን የምሰጥሽ ከዛሬ ነገ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር።" ለካ ክሩ ርካሽ አልነበረም።

እንግዲህ ፎቁን ባሰመርሁበት ሐሙስ የሆነው እንዲህ ነው። እርሳሱን ላጠራ ሉሁን ገለበጥሁ። ሳልመልሰው አሰመርሁ፤ ጥድፊያም እኔን አምና ጽሑፉን ቀለሙ ባለበት ፊት ጻፈች። ጣቴን አላሳረፍሁም። ብርሃኑ ሳይጠፋ ልጨርስ ተጣደፍሁ። ጥድፊያ በራሷ ሉህ ጥጉን ለመንካት ጊዜ ወስዳለች፤ እኔ አልወሰድሁም። የቸኮለችው እኔ ነኝ። የለቀመችው እርሷ ናት።

ያስተማርኋትንም አልረሳችም። በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ጣቷን ጥጌ ላይ አሳርፋ አወቀች። ከመሐላዬ በኋላ ነው ያወቀችው። አንዲት አሮጊት በዐይኗ ስትምል ሰማች፤ የምትምልበትም ዐይን እንዴት እንደሆነ ከእኔ በፊት ታውቅ ነበር። ለዚህ ነው ከሰሌዳ ጮክ ብላ የምታነበው። አምስት ሳምንት ሙሉ ልትተወው የሚገባ መጥፎ ልማድ ነው ብዬ ስታገሣት ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ስለ እኔ ነው።

ስሜ በሳጥኑ ውስጥ የተጻፈበት የመጀመሪያው ሉህ ደረጃው የተገለበጠ ነው። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ እውነት ስለሆነ።

ምናልባት ከአንደኛ ዓመት እንድጀምር ይሉኛል። ምናልባት ያንንም አይሉኝም፤ የማያይ ንድፍ አንሺ ምን ያደርግላቸዋል? ልጄ የሚድን ዐይን አለ ትላለች፤ ከደንበኞቿ አንዷ ዐይኗን ተቀድዳ ድናለች አሉ። አላውቅም። መጠበቅ የሚችል ነገር ይጠብቅ። ስድስት ሰዓት የሚለጠፈው ስም ግን አይጠብቅም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ሁለቱን ሉሆች በቱቦው ይዤ ከሁለት ሰዓት በፊት ንድፍ ክፍል እገኛለሁ። ማኅተም ወደሚመታበት መስኮት አልሄድም።

ጠመኔን ለብቻው አላነጋግረውም። የማልሁት በክፍሉ ፊት ስለሆነ የምናገረውም በክፍሉ ፊት ነው። ጣቱን ወስጄ ጥጉ ላይ አሳርፍለታለሁ። "ዕድሜዬ" ወይም "ዐይኔ" ከማለቴ በፊት "ሐሰት ተናገርሁ" እላለሁ።

ጥድፊያን በስሟ እጠራታለሁ። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ጠርቻት አላውቅም።

የመስኮቱን ጠረጴዛ እለቅላታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ በሩን ከፍተን አርባ ሁለቱን መርገጫ ስንወርድ፣ ሳትዘረጋልኝ የልጄን ክንድ እይዛለሁ። አልቆጥርም።